ለአሮጌ ፒክአፕ የቱ ባትሪ ይሻላል? የውሃው፣ ደረቁ፣ ኤጂኤሙ ወይስ የታደሰው

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹና 90ዎቹ የተሠራ ናፍጣ ሃይሉክስ፣ ኢሱዙ ወይም ሚትሱቢሺ ኤል 200 ይዛችሁ በየቀኑ የምትሠሩበት ከሆነ፣ ክዳኑ የሚከፈተው የውሃ ባትሪ በትክክለኛ መጠኑ ከተገዛ ከሁሉም ይሻላችኋል። ኮፈን መክፈት የማትወዱ ወይም መኪናው ለሳምንታት የሚቆምባችሁ ከሆነ ክዳኑ የማይከፈተውን ደረቁን ውሰዱ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ስንት ቮልት እንደሚሰጥ አስለኩ። ኤጂኤም፣ ማለትም አሲዱ በምንጣፍ ተይዞ የታሸገው ባትሪ፣ ለእነዚህ መኪኖች ብር ማባከን ነው። የታደሰ ባትሪ ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚዞር መኪና እንኳ አይመከርም፤ ገጠር ለሚገባ ፒክአፕማ ጭራሽ።

እነዚህ መኪኖች ደግሞ ከመንገድ ቶሎ የሚወጡ አይመስሉም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው ከመሸጥ ይልቅ አድሶ መያዙን ነው የሚመርጠው። ባትሪ ደግሞ በዕድሜው ደጋግሞ የሚገዛው ዕቃ ነው።

በሽታው የባትሪው ነው ወይ?

መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ባትሪው ነው። ባትሪ ሻጩም አይከራከርም፤ ሥራው መሸጥ ነው። አዲስ ባትሪ ሙሉ ጉልበት ስላለው የተበላ ኬብልንም የደከመ ዲናሞንም ለጥቂት ወራት ይሸከማል። ከዚያ እሱም ይደክምና "የዘንድሮ ባትሪ አይረባም" ይባላል። እኔ እስከማየው ድረስ ከአሮጌ ፒክአፕ ላይ ተነቅለው ከሚጣሉት ባትሪዎች ውስጥ ብዙዎቹ ጥፋተኛ አይደሉም፤ በሌላው ጥፋት የሞቱ ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁን አዳምጡ። ቁልፉን ስታዞሩ የዳሽቦርዱ መብራት እየደበዘዘ ቶሎ ቶሎ "ጠቅ ጠቅ ጠቅ" የሚል ከሆነ ባትሪው ወርዷል፣ ወይም የኬብሉ ራስ ላልቷል። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ ጊዜ ብቻ "ጠቅ" ብሎ ዝም ካለ ግን ጥርጣሬያችሁን ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሳው ሞተሪኖ አዙሩት። የቶዮታ ናፍጣ ሞተሪኖ ውስጥ የባትሪውን ጉልበት የሚያገናኙ የመዳብ ቁራጮች አሉ። በዓመታት ብልጭታ ይበላሉ፤ አንዱ ከሌላው በላይ ሲበላ ቁልፉ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ቁራጮቹ የሚቀየሩት በትንሽ ገንዘብ ነው፣ ከባትሪ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ሞተሪኖው በደንብ እያዞረ፣ ጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ እየተፋ ሞተሩ አልነሳ ካለ ደግሞ ናፍጣ ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቁት የማሞቂያ ካንዴላዎች ተቃጥለው ሊሆን ይችላል። አራቱ አንድ ላይ ሲሞቁ ከ40 አምፔር በላይ ይስባሉ። ሁለቱ ከተቃጠሉ የሚስቡት ይቀንሳል፣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚፈጀው ጊዜ ግን ይረዝማል፤ ያንን ዕዳ የሚከፍለው ባትሪው ነው።

ከዚያ ቴስተር አውጡ። ርካሹም ይበቃል። መኪናው አድሮ፣ በር ሳይከፈት መብራት ሳይበራ፣ በባትሪው ሁለት ፖሎች መካከል ለኩ። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት ሩብ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ ነው፤ 12 ድፍን ካነበበ ሩብ ነው የቀረው። "12 ቮልት ባትሪ 12 ካነበበ ደህና ነው" የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳስታል። አሁን ሰው ቁልፉን ያዙር፣ እናንተ ቁጥሩን ተመልከቱ። ሞተሪኖው እያዞረ ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነና ባትሪው ሙሉ ከነበረ፣ ባትሪው በእርግጥ ደክሟል።

ካልወረደና ሞተሪኖው ግን እያቃሰተ ከሆነ ኬብሉን ጠርጥሩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በራሱ በባትሪው ፖዘቲቭ ፖል ላይ አድርጉ፤ ፖሉን የጨበጠው የኬብል ራስ ላይ እንዳይሆን። ሌላውን ጫፍ ሞተሪኖው ላይ ወፍራሙ ኬብል በታሰረበት ዳዶ ላይ አድርጋችሁ ቁልፉ ይዙር። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ያንኑ በኔጋቲቩ በኩል፣ ከፖሉ ወደ ሞተሩ ብረት ድገሙት፤ እዚህ ከ0.3 ቮልት ማለፍ የለበትም። በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ይህን ፈተና የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቩ ነው። ሞተሩን ከሻሲው የሚያገናኘው ሽቦ ዝጎ ይቆያል፣ ወይም ሞተር ሲወርድ ተፈትቶ ሳይታሰር ቀርቷል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የፊት መብራት አብርታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ካነበበ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። ከ13.5 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቺንጋውን፣ ቀጥሎ ካርቦኑንና ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር አሳዩ። ከ14.8 በላይ ከሆነ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። የሃይሉክስ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተር ያላችሁ አንድ ነገር አትርሱ፦ የዲናሞው ጀርባ ላይ የፍሬን ቫኩም ፓምፕ አለ፣ ዘይትም ይገባዋል። ማሸጊያው ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ውስጥ ይገባና ካርቦኑን ያበላሻል። ዲናሞው ጀርባ ላይ ዘይት ካያችሁ አዲስ ባትሪ አትግዙ፤ መጀመሪያ እሱ ይሠራ።

የመጨረሻው ተጠርጣሪ የቆመ መኪና ላይ ኃይል የሚስብ ዕቃ ነው። ማንቂያ፣ ጂፒኤስ፣ የፍጥነት መገደቢያ፣ በአራት ዓይነት ሽቦ የተቀጠለ ቴፕ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። ሁሉም ጠፍቶ የሚሳበው ከ50 ሚሊ አምፔር ባይበልጥ ጥሩ ነው። 200 ከሆነ በቀን 5 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይሄዳል፤ ባለ 70 ባትሪ፣ ማለትም 70 አምፔር-ሰዓት የሚይዘው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሽ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ የትኛውንም ባትሪ ብትገዙ ለውጥ የለውም።

መጠኑ፦ ኤን70 እና ኤንኤስ70 አንድ አይደሉም

ከዓይነቱ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። በገበያችን የሚበዙት ባትሪዎች የጃፓን መለኪያ የተጻፈባቸው ናቸው፤ ሮኬትና ሶላይትን የመሰሉት የኮሪያ ባትሪዎችም ይህንኑ ይጠቀማሉ። አሮጌው አጠራር ኤን50፣ ኤንኤስ70፣ ኤን70፣ ኤን70ዜድ ይላል። ኤን70 ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ኤንኤስ70 ግን 26 ብቻ። በስልክ "ሰባው" ብሎ ያዘዘ ሰው አጭሩ ተልኮለት መቀመጫው ላይ ሲንሸራተት ይገኛል።

አዲሱ አጻጻፍ እንደ 95ዲ31ኤል ያለ ነው። 95 የጉልበት ደረጃው ነው። አምፔር-ሰዓት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ፤ አይደለም። ዲ የወርዱንና የከፍታውን መደብ ይነግራል፣ ወርዱ 17 ሴንቲ ሜትር አለፍ ይላል። 31 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር ነው። የመጨረሻው ፊደል ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነ ይናገራል፣ ነገሩ የሚያደናግረውም እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱን ፖሎች ወደ እናንተ አቅርባችሁ ስትቆሙ ፖዘቲቩ በቀኝ ከሆነ "ኤል" ይባላል፣ በግራ ከሆነ "አር"። ከምትገምቱት ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ፊደሉን ለማስታወስ አትታገሉ፤ አሮጌውን ባትሪ ሳትነቅሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ለሻጩ አሳዩት። ኬብል ስለማይደርስ ብቻ ባትሪ አዙሮ ያስቀመጠ፣ ፖዘቲቩ የኮፈኑን ብረት ሊነካ አንድ ጣት የቀረው መኪና ብርቅ አይደለም።

ለ2.4 ወይም 2.8 ሊትር ናፍጣ ባለ 31ኛውን መደብ፣ ማለትም ኤን70ዜድን ወይም 95ዲ31ን እመርጣለሁ። ቤንዚኖቹ በ23 ወይም በ26 ይኖራሉ። ግን በመጀመሪያ መቀመጫውን በሜትር ለኩ፤ በሰላሳ ዓመት ውስጥ መቀመጫው ተቆርጦ ተበይዶ ሊሆን ይችላል። ከጠበበ ትንሽ ከፍ ያለ ጉልበት ያለውን የ26 መደብ ፈልጉ። ቦታው ከበቃ ደግሞ ትልቁን ለመግዛት አትፍሩ። "ትልቅ ባትሪ ዲናሞ ያቃጥላል" የሚባለው ልክ አይደለም፤ ዲናሞው የሚመልሰው የተወሰደውን ያህል ነው። ዲናሞ የሚያቃጥለው ባዶ የሆነን ባትሪ በሱ ለመሙላት ረጅም ሰዓት ማስጨነቅ ነው።

የቪትዝ ባትሪ ናፍጣ ፒክአፕ ላይ የሚያስሩ አሉ። ለጊዜው ያስነሳል። ፖሉ ግን ቀጭን ነው፤ የፒክአፑ ኬብል ራስ ሰፊ ስለሚሆን ክፍተቱን በቆርቆሮ ወይም በምስማር ይሞሉታል። ያ ምስማር ይሞቃል፣ ይላላል፣ ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ላይ ብልጭ ይላል። ከባትሪ የሚወጣ ጋዝ በብልጭታ እንደሚፈነዳ ማንም የሚያውቀው ነው።

ሌላው ቁጥር ሲሲኤ ነው። በአሜሪካው መለኪያ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪው ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ ለ30 ሰከንድ የሚሰጠውን አምፔር ይለካል። "እኛ አገር በረዶ የለ፣ ምን ያደርግልናል?" የሚል ሰው ይገጥማችኋል። እኔ የምመለከተው እንደ ጉልበት መመዘኛ ነው፤ ሁለት ባለ 70 ባትሪዎች አምፔር-ሰዓታቸው እኩል ሆኖ የማስነሳት ጉልበታቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል። ለ2.8 ናፍጣ ከ600 ባያንስ እመርጣለሁ፤ ለቤንዚኑ 400 እና ጥቂት ይበቃዋል። ኤምሲኤ ወይም ሲኤ ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ግን በዜሮ ዲግሪ የተለካ ስለሆነ ቁጥሩ ይተልቃል፤ ከሲሲኤ ጋር አታወዳድሩት።

የውሃውና ደረቁ

በአሮጌው አሠራር የውሃ ባትሪ የእርሳስ መረቡ አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን የተቀላቀለበት ነው። ውሃ ይጠጣል፣ ተቀምጦም በራሱ ይወርዳል፤ ጥቅሙ ግን ትዕግሥቱ ነው። ተንጠፍጥፎ ወርዶ እንደገና ሲሞላ ከሌላው ይልቅ ይመለሳል። ዲናሞው 13.8 ብቻ ቢሰጠውም ይሞላል። ትንሽ ቢበዛበትም የሚያጣው ውሃ ነውና መልሳችሁ ትሞላላችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውስጡ ይታያል፦ ስድስቱን ክዳን ከፍታችሁ የአሲዱን ክብደት በሚለካው ሃይድሮሜትር ስትለኩ አምስቱ 1.26 አንብበው አንዱ 1.15 ላይ ከቀረ፣ ያ ክፍል ሞቷል፤ ክርክር የለም። የገጠር መንገድ፣ የማይታመን ሬጉሌተርና ሩቅ ጋራዥ ለሚበዛበት መኪና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ገበያው "ደረቅ" የሚለው ባትሪ ውስጡ ደረቅ አይደለም፤ አሲድ አለው፣ ክዳኑ ነው የማይከፈተው። መረቡ ካልሲየም የተቀላቀለበት እርሳስ ስለሆነ ውሃ በጣም ትንሽ ይጨርሳል፣ ቆሞ ሲቆይም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ፖሉ አካባቢ ያ ነጭና አረንጓዴ ዱቄትም ይቀንሳል። መኪናው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚወጣ ሰው፣ ወይም ሹፌሩ ውሃ እንዲያይ ቢነገረውም ለማያይ ባለ ንብረት፣ እሱ ይሻላል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። እስከ መጨረሻው ወርዶ ከቆየ በቀላሉ አይመለስም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መብራት ተረስቶበት ያደረ ደረቅ ባትሪ የቀድሞው አይሆንም። ሁለተኛው ለአሮጌ መኪና ይብሳል፦ በደንብ ለመሙላት ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል። ዲናሞው 14.2 እና ከዚያ በላይ ከሰጠው ደህና ነው። 13.7 ላይ የተቀመጠ የደከመ ዲናሞ ካላችሁ ሁልጊዜ ሳይሞላ ይኖራል። ሳይሞላ የኖረ ባትሪ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ነጭ የሰልፌት ቅርፊት ይጋገርበትና ጉልበቱ እያነሰ ይሄዳል። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ፣ መብራትና ማራገቢያ በርቶ፣ ሞተሩ ሳይሮጥ ሁለት ሰዓት የሚቆም ፒክአፕ ላይ ይህ በተለይ ይታያል።

ደረቆቹ ላይ ስላለችው ትንሽ መስኮት አንድ ነገር ልበል። አረንጓዴ ከሆነች ሞልቷል፣ ጥቁር ከሆነች ይሞላ፣ ነጭ ከሆነች ይቀየር ይባላል። መስኮቷ የምታየው ከስድስቱ ክፍሎች አንዱን ብቻ ነው። አምስቱ ሞተው እሷ አረንጓዴ ልትሆን ትችላለች። ቴስተሩን እመኑ።

ኤጂኤም በአጭሩ፦ አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ተይዞ የታሸገ፣ ንዝረትንም ተደጋጋሚ ማስነሳትንም የሚችል ግሩም ባትሪ ነው፤ የተሠራው ግን ቮልቱ በኮምፒውተር ለሚጠበቅ አዲስ መኪና ነው። የእናንተ ሬጉሌተር አንድ ቀን ተበላሽቶ 15 ቢያልፍ የሚደርቀውን ውሃ መልሳችሁ አትጨምሩበትም። ሞተሩ አጠገብ ያለውንም ሙቀት አይወድም። ለሶላር የሚሸጡት ባትሪዎችም እንዲሁ ይቅሩባችሁ፤ ሳህናቸው ወፍራም ነው፣ ቀስ ብሎ ለመስጠት እንጂ በአንድ ጊዜ መቶዎች አምፔር ለማውጣት አልተሠራም።

የታደሰውን ባትሪ በሚመለከት፣ ሶማሌ ተራም ሆነ በየከተማው የባትሪ ሱቅ የሚቀርበው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሳህኑ በእውነት የተለወጠ ነው፣ ሌላው አሲድ ብቻ የተጨመረበት ነው። የሁለተኛው ተንኮል ቀላል ነው፦ አሲዱ ሲጨመር ሃይድሮሜትሩ ጥሩ ያነባል፣ ቮልቱም ያምራል፣ መኪናውም ይነሳል። የተበላው ሳህን ግን አልተመለሰም፤ የበረታው አሲድ የቀረውንም ሳህን መበላት ያፋጥነዋል። ለተቸገረ ሰው አትግዛ ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የግድ ከሆነ በጭነት መለኪያ፣ ማለትም ባትሪውን ለጥቂት ሰከንድ እያስጨነቀ ቮልቱን በሚያሳየው መሣሪያ አስፈትኑት፤ ከተቻለም መኪናው ላይ አድሮ ጠዋት እንዲነሳ ተስማሙ። የዋጋው ልዩነት ትልቅ የሚመስለው በሚሰጣችሁ ወራት እስክታካፍሉት ድረስ ነው።

ደብረ ብርሃን እና ሰመራ

ባትሪ የት እንደሚኖር ከምርቱ ስም የበለጠ ይወስናል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሰዋል፣ የሞተር ዘይቱንም ያወፍረዋል። አየሩም ስስ ስለሆነ ናፍጣ ሞተር ውስጥ የሚጨመቀው አየር የሚሰጠው ሙቀት ያንሳል፣ ስለዚህ ሞተሪኖው ረዘም ላለ ጊዜ መዞር አለበት። ደጋ ላይ የምትኖሩ ጉልበት ያለውን ግዙ፤ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስጠብቁ፤ ሞተሩ ዘይት የማይጠጣ ከሆነ ከ20/50 ይልቅ 15/40 ዘይት ጠዋት ላይ ልዩነቱ ይሰማል።

ቆላ ላይ መኪናው ያለ ችግር ይነሳል። ሰው የማያስተውለው ግን ባትሪ የሚገድለው ሙቀቱ መሆኑን ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ውስጡ ያለው እርጅና በግምት እጥፍ ይፋጠናል፤ ውሃውም ይተናል። ሰመራና መተማ የሚሠራ ፒክአፕ ደጋ ላይ ካለው መንትያው ቀድሞ ባትሪ ቢቀይር ባትሪው ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። በሙቀት አገር አሲዱም ቀለል ተደርጎ ይሞላል፣ ከ1.28 ይልቅ 1.25 አካባቢ። ቆላ ለሚኖር ሰው ክዳኑ የሚከፈተውን የምመርጥለትም ለዚህ ነው፤ የተነነው ውሃ ይተካል።

ሱቅ ውስጥ

ሳይከፍሉ ቴስተር ማውጣት ነውር አይደለም። ተሞልቶ የመጣ ባትሪ ከ12.5 በታች ካነበበ መደርደሪያ ላይ ቆይቷል፤ 12.2 ካነበበ "ቻርጅ እናደርግልሃለን" ቢሉም ተዉት። የተመረተበት ቀን ሽፋኑ ላይ ወይም ፖሉ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ሻጩ እንዲያነብላችሁ ጠይቁ፣ ማንበብ ካልፈለገ ሌላ ሱቅ አለ። ፖሉ ላይ የመፍቻ ጭረት ካለ ባትሪው ከዚህ በፊት ታስሮ ነበር።

ደርቆ መጥቶ ሱቅ ውስጥ አሲድ የሚሞላበት የውሃ ባትሪም አለ። መደርደሪያ ላይ ቢቆይ ብዙም አይጎዳም፣ ስለዚህ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ግን አሲዱ ከታሸገ ዕቃ ሲቀዳ ቆማችሁ እዩ፣ ከተሞላ በኋላም ሳህኖቹ እስኪጠጡ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ ከዚያ ቻርጅ ተደርጎ ይሰጣችሁ። እየሞሉ ወዲያው መኪና ላይ ማሰር ባትሪውን ከመጀመሪያው ቀን ግማሽ አድርጎ ማሳደር ነው። ደረሰኙ ላይ ቀን፣ የባትሪው ቁጥርና ማኅተም ካልሰፈረ ዋስትናው የቃል ነው።

አያያዙ

ከሁሉ በፊት ማሰሪያው። አሮጌ ፒክአፕ ላይ የባትሪ መያዣው ብረት ጠፍቶ ባትሪው በሲባጎ ወይም በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ተጠምዶ ታያላችሁ። ኮረኮንች ላይ የሚዘል ባትሪ ከሳህኖቹ ላይ ቁሱ እየረገፈ ከሥር ይከማችና አንድ ቀን ሁለት ሳህኖችን ያገናኛል፤ ትናንት ደህና የነበረ ባትሪ ዛሬ በድንገት የሚሞተው አንዳንዴ እንዲህ ነው። በየትኛውም ጋራዥ በያጅ እጅ የሚሠራ የብረት ማሰሪያ ከዚህ ያድናል። ከመነዳሪው ከሥር ቢነጠፍ ግን ጥሩ ነው፣ ንዝረቱን ያለዝባል።

ውሃውን በደጋ በወር አንድ ጊዜ፣ በቆላ በየሁለት ሳምንቱ እዩ። ከሳህኖቹ በላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃል። የሚጨመረው ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የሃይላንድ ውሃ ንጹሕ ቢሆንም ማዕድን አለበት፣ ያ ማዕድን ሳህኑ ላይ ይቀራል። አሲድ በጭራሽ አትጨምሩ፤ የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው ነው። ሳህኑ ካልተጋለጠ በስተቀር ውሃውን ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ጨምሩ፤ አስቀድሞ ከተሞላ ሲሞቅ ገንፍሎ መቀመጫውን ይበላዋል። ከስድስቱ አንዱ ክፍል ብቻ ቶሎ ቶሎ ውሃ ከጠየቀ ያ ክፍል ሊሞት ነው። ስድስቱም ከጠየቁ ዲናሞው እየበዛበት ነው።

ፖል ሲጸዳ ኮካ የሚያፈሱ አሉ። ዱቄቱን ይፈታዋል፣ ስኳሩ ግን ይቀራል፣ አቧራም ይስባል። ሙቅ ውሃ ላይ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይሻላል፤ አረፋው ሲያበቃ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ ክዳኖቹ ግን የተዘጉ ይሁኑ፤ ሶዳው ውስጥ ከገባ አሲዱን ይገድለዋል። ከዚያ ፖሉንም የኬብሉን ራስ ውስጡንም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፉት፣ እሰሩት፣ ግራሶውን በመጨረሻ ከላይ ቀቡት። ስትፈቱ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ስታስሩ ኔጋቲቩ ይዘግይ፤ መፍቻው ቦዲውን ቢነካ እንኳ አይፈነጥቅም።

መኪናው ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ ኔጋቲቩን ፍቱት። እዚህ ላይ ሞተሩን በየጥቂት ቀኑ ለአምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት አይረዳም፤ ማሞቂያ ካንዴላውና ሞተሪኖው የወሰዱትን ዲናሞው በዚያች ጊዜ አይመልስም። ቁልቁል አቁሞ ማደርን እንደ መፍትሔ የያዙም አሉ፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ባትሪው ግን እየወረደ ይኖራል።

በሌላ መኪና ስታስነሱ ቀዩን ኬብል ከወረደው ፖዘቲቭ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ደህናው ፖዘቲቭ፤ ጥቁሩን በደህናው ኔጋቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን በወረደው ባትሪ ሳይሆን ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ። ያ የመጨረሻው ብልጭታ ከባትሪው ጋዝ ይርቃል። መንገድ ላይ ሊረዳችሁ የሚቆመው ሲኖትራክ ከሆነ መኪናው 24 ቮልት ነው። ከተያያዙት ሁለት ባትሪዎቹ ድምር ላይ ከወሰዳችሁ ሬጉሌተሩም ማሞቂያ ካንዴላውም ቴፑም ይሄዳሉ። ኔጋቲቩ ከሻሲ የታሰረውን አንዱን ባትሪ ብቻ ፈልጉ፤ ሁለቱም ኬብል በዚያው በአንዱ ፖሎች ላይ ይሁን፣ ሁለቱ መኪኖችም እንዳይነካኩ።

ከተነሳ በኋላ ተንጠፍጥፎ የወረደ ባትሪ ቤት እስክትደርሱ በዲናሞ አይሞላም። ባትሪ ቤት ወስዳችሁ በቀስታ ይሞላ፤ ባለ 70 ከሆነ በ7 አምፔር። "በአንድ ሰዓት እናደርስልሃለን" ካሏችሁ በከፍተኛ አምፔር ሊያፈሉት ነውና ሌላ ቦታ ሂዱ። ማታ አስገብታችሁ ጠዋት ውሰዱት፣ ከቻርጅ ላይ ከወረደ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ቮልቱን ራሳችሁ ለኩ።